የደሴ ከተማ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የከተማው ምክር ቤት በጉባኤው ምን እንደሚሠራ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራና ነዋሪው ጉዳዩን ይዞ መቼና በየት በኩል ሊቀርብ እንደሚችል ለማወቅ ለሚፈልጉ የደሴ ነዋሪዎች ነው። ጥያቄዎቹ በቀበሌ ስብሰባ፣ በዕድር ቤትና በቡና ላይ አዘውትረው የሚነሡ ናቸው። የኮምቦልቻ ነዋሪም አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሁለቱም ከተሞች በአንድ ክልል ሕግ የሚተዳደሩ ናቸውና።

ደሴ ውስጥ የዞን፣ የወረዳና የከተማ አስተዳደር አለ። የከተማው ምክር ቤት የሚባለው የትኛው ነው?

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከተማዋ የብዙ መሥሪያ ቤቶች መቀመጫ በመሆኗ ነው። የደቡብ ወሎ ዞን አስተዳደር የሚገኘው ደሴ ውስጥ ነው፤ ሆኖም ዞኑ የክልሉ መንግሥት አስተዳደራዊ ቅርንጫፍ እንጂ የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው እርከን አይደለም። በአማራ ክልል በዞን ደረጃ ምክር ቤት ያላቸው የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው። ደሴ ዙሪያ ወረዳ ደግሞ ከተማዋን የከበቡትን የገጠር ቀበሌዎች የሚያስተዳድር፣ የራሱ ምክር ቤት ያለው ሌላ አካል ነው። ኮምቦልቻም ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ብትገኝም የራሷ ከተማ አስተዳደርና የራሷ ምክር ቤት አላት።

ስለዚህ ቤቱ በከተማው ክልል ውስጥ ያለ ሰው ጥያቄውን የሚያቀርበው ለደሴ ከተማ አስተዳደር ምክር ቤት ነው። በከተማው ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚገብሩበት ቀበሌ ለከተማው ይሁን ለወረዳው ማጣራት ይኖርባቸዋል፤ የገጠር መሬት ወደ ከተማ በሚካለልበት ሥፍራ ይህን ሳያጣሩ የተጻፈ ማመልከቻ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ይከርማል።

ምክር ቤቱ መቼ መቼ ይሰበሰባል?

የመደበኛ ጉባኤዎቹን ብዛትና ጊዜ የሚወስነው ምክር ቤቱ የሚመራበት ሕግና የውስጥ አሠራር ደንቡ ነው። ነዋሪው በተለይ ሊይዛቸው የሚገቡት ግን ሁለት ጉባኤዎች ናቸው። አንደኛው የግማሽ ዓመቱ አፈጻጸም የሚገመገምበት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር መገባደጃ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይካሄዳል። ሁለተኛው የዓመቱ ማጠቃለያ ሪፖርትና የአዲሱ ዓመት በጀት የሚቀርቡበት ነው፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 የሚያልቅ በመሆኑ ይህ ጉባኤ በክረምቱ መግቢያ ላይ ይውላል። ከዚህ ውጭ አስቸኳይ ጉባኤ ሊጠራ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጉባኤ የሚወያየው በተጠራበት ጉዳይ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ጥያቄ ይዞ ወደዚያ መሄድ ድካም ነው።

ጉባኤው ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ዓርብ ላይ ከዋለ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕለቱ የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 በመሆኑ የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ያጥራል፤ የጁምዓ ሰላት እስኪያበቃ ወደ አዳራሹ የሚመለስ የለምና ከሰዓት በኋላ ያለውን አጀንዳ ለመከታተል የሚመጣ ሰው ሰዓቱን በዚሁ ያስላ።

አጀንዳውን የሚያዘጋጀው ማን ነው?

የአጀንዳው ረቂቅ የሚዘጋጀው በአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ጉዳዮቹ የሚመጡት በዋናነት ከከንቲባው ጽሕፈት ቤትና ከምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች ነው። ረቂቁ ከጥሪው ደብዳቤ ጋር ለአባላት አስቀድሞ ይላካል፤ በጉባኤው መክፈቻ ላይም ለአባላቱ ቀርቦ ይጸድቃል። በዚያች ቅጽበት አንድ አባል ተጨማሪ ጉዳይ እንዲያዝ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሰነድ ያልተያያዘበት፣ በኮሚቴ ያልታየ ጉዳይ በዚያው ዕለት ተነሥቶ በዚያው ዕለት ውሳኔ ያገኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የአካባቢያቸውን ችግር ለተመራጫቸው በጉባኤው ዋዜማ የሚነግሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ተመራጩ ቢያነሣላቸው እንኳ የሚያገኙት መልስ «አስተያየቱ በግብዓትነት ተወስዷል» የሚል ነው፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር የሰማ ሰው ጉዳዩ ገና አጀንዳ አለመሆኑን ይረዳ።

ጉባኤው እንዴት ይከፈታል? አባላት ባይሟሉስ?

አፈ ጉባኤው መጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ያረጋግጣል፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ ውይይት ማካሄድም ውሳኔ ማሳለፍም አይቻልም። ቀጥሎ አጀንዳው ይጸድቃል፤ ያለፈው ጉባኤ ቃለ ጉባኤም ቀርቦ ስህተት ካለበት ይታረማል፣ ከሌለበት ይጸድቃል።

ቃለ ጉባኤውን ማጽደቅ እንደ ሥርዓት ማሟያ ተቆጥሮ በጥቂት ደቂቃ ይታለፋል፤ ይህ የሚያስቆጭ ነው። ባለፈው ጉባኤ «በሚቀጥለው ሦስት ወር ውስጥ ተጠንቶ ይቅረብ» የተባለ ጉዳይ እንዳልቀረበ ማንም ሳይከራከርበት ለማረጋገጥ የሚቻለው እዚያች ገጽ ላይ ነው። ተመራጫቸውን በቅርብ የሚያገኙ ሰዎች አዲስ ጥያቄ ከማስያዝ ይልቅ የዱሮው ውሳኔ የት እንደደረሰ እንዲጠይቅላቸው ቢያደርጉ በብዙ ይጠቀማሉ።

የከንቲባው ሪፖርት ለምን ይረዝማል? እንዴትስ ሊነበብ ይገባዋል?

ሪፖርቱ የሚረዝመው የሁሉንም ሴክተር ሥራ፣ ከትምህርትና ከጤና እስከ ገቢ አሰባሰብ፣ ከሥራ ዕድል ፈጠራ እስከ ጽዳትና ውበት፣ በአንድ ሰነድ ለመሸፈን ስለሚሞክር ነው። ቀድሞ ለአባላት የተሰጠ ሰነድ አዳራሹ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ለጥያቄና መልስ የሚተርፈው ጊዜም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። በጸሐፊው እምነት ጉባኤው ሊያሻሽለው ከሚችለው ነገር ሁሉ ቀላሉና ትልቁ ይህ ነው፤ ሰነዱ እንደተነበበ ተቆጥሮ በቀጥታ ወደ ጥያቄ ቢገባ ማንም የሚከለክል የለም።

ሪፖርቱን ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከትረካው ላይ አንሥቶ በስተመጨረሻ በተያያዘው ሠንጠረዥ ላይ ያሳርፍ። ሠንጠረዡ አብዛኛውን ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ መለኪያውን፣ የዓመቱን ዕቅድ፣ ክንውኑንና ክንውኑን በመቶኛ ያሳያል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ረድፍ ላይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ግንባታ፣ መለኪያ ሜትር፣ ዕቅድ 2,000፣ ክንውን 1,900፣ በመቶኛ 95 ተብሎ ቢጻፍ መልካም አፈጻጸም ይመስላል። ግን የዓመቱ መጀመሪያ ዕቅድ 4,000 ሜትር የነበረና በግማሽ ዓመቱ «ተከልሶ» ወደ 2,000 የወረደ ከሆነ እውነተኛው አፈጻጸም ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ የሐምሌው ሪፖርት ሊነጻጸር የሚገባው አምና ሐምሌ ከጸደቀው ዕቅድ ጋር ነው፤ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ሳይዙ መቶኛውን ማንበብ ዋጋ የለውም።

ሌላው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የሽፋን ቁጥር ነው። የንጹሕ ውሃ ሽፋን፣ የጤና አገልግሎት ሽፋን፣ የደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብ ሽፋን ሲባል ቁጥሩ የሚሰላው ለከተማው ሕዝብ ብዛት ተካፍሎ ነው። በአገሪቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ መጨረሻ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ቆጠራ የደሴ ከተማ አስተዳደር ነዋሪ 151,174 ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት አንዱን ትንበያ፣ ሌላው ሌላውን ከተጠቀመ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ሽፋኖች ይቀርባሉ። «ይህ መቶኛ የተሰላው በስንት ሕዝብ ነው?» የሚለው ጥያቄ አጭር ነው፤ አንድ አባል ተነሥቶ ቢጠይቀው የሪፖርቱን አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ያስከፍታል።

«በሂደት ላይ ይገኛል» የሚለውንም ሐረግ ልብ ይሏል። ያለፈው ዓመት ሪፖርትም ስለዚያው ሥራ ይህንኑ ብሎ ከሆነ ጉዳዩ ቆሟል ማለት ነው።

በጀቱ የሚጸድቀው ሐምሌ ላይ ከሆነ የሰፈራችን ጥያቄ መቼ መቅረብ አለበት?

ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ፣ ግንቦት ሳይጋመስ። ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናው ስለሆነ በዝርዝር ማስረዳት ይገባል።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በጠባብ ሸለቆ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ቦይ በደፈነበትና መተላለፊያ በሰበረበት ሰፈር የሕዝቡ ጥያቄ የሚገነፍለው ያን ጊዜ ነው፤ ተመራጩም ትኩስ ጥያቄውን ይዞ በሐምሌው ጉባኤ ይነሣል። ነገር ግን በዚያ ዕለት በአባላቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው የበጀት ሰነድ ተዘጋጅቶ ያለቀ ነው። እያንዳንዱ ሴክተር መሥሪያ ቤት ፍላጎቱን አቅርቧል፤ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ከክልሉ በሚመጣው የበጀት ጣሪያና ከከተማው ሊሰበሰብ በሚችለው ገቢ ልክ ቆርጦታል፤ የከንቲባ ኮሚቴው አይቶታል፤ የበጀት ጉዳይ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴም የውሳኔ ሐሳቡን አያይዟል። በዚያ ሰዓት አንድ አዲስ ቦይ ለመጨመር ከሌላ ሰፈር አንድ ሥራ መሰረዝ ያስፈልጋል፤ ያ ሰፈርም ተወካይ አለው።

በጀቱ ሐምሌ ላይ ቢጸድቅም ሥራው ወዲያው አይጀመርም። የዲዛይን፣ የጨረታና የውል ጊዜ ተቆጥሮ፣ ዝናቡም ሲያቆም ተጠብቆ ቁፋሮ የሚጀመረው በበጋ ነው። እንግዲህ በዚህ ክረምት ቤቱን ጎርፍ የገባበት ነዋሪ ጥያቄውን በዚሁ ሐምሌ ብቻ አንሥቶ ቢተወው ዘንድሮ አይደርስም፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያደርሰው ደግሞ ጥያቄውን ውሃው ከደረቀ በኋላም ይዞ የቆየ እንደሆነ ነው። ጎርፉ በጎረፈ ሰሞን ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የተጎዱት ቤቶች ተቆጥረው፣ የጎረቤቱ ፊርማ ተሰብስቦ፣ ማመልከቻው ለቀበሌውና ለክፍለ ከተማው ገብቶ፣ የቀጣዩ ዓመት የካፒታል ሥራዎች ቅደም ተከተል ለነዋሪው ውይይት ሲቀርብ ያው ማመልከቻ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል።

በዚያ ውይይት ላይ የሚገኘው ሰው ጥቂት ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ስለ ጎርፍ ለመነጋገር ወደ ቀበሌ አዳራሽ የሚሄድ የለም፤ የሚሄዱት አምስት ስድስት ሰዎች ያስያዙት ኮብልስቶን ግን በሐምሌው ሰነድ ላይ ይገኛል። «የእነ እገሌ ሰፈር ለምን ቀደመ?» ለሚለው ቅሬታ መልሱ ብዙ ጊዜ አድልዎ ሳይሆን ይኸው ነው፤ አድልዎ የለም ለማለት ግን አይደለም።

የከተማው በጀት ከየት ከየት ይመጣል?

ከሦስት ምንጮች። የመጀመሪያው በክልሉ ምክር ቤት ጸድቆ በጥቅል የሚሰጠው ድጎማ ሲሆን፣ ከከተማው መደበኛ ግብር ጋር ተዳምሮ በአብዛኛው ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ ይውላል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው፤ የሊዝ፣ የቦታና የቤት ኪራይ፣ የገበያ ቦታና የልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያዎች በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድና የቦይ ሥራ የሚደገፈውም በይበልጥ ከዚህ ነው። ሦስተኛው ዕርዳታና ብድር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በዓለም ባንክ ድጋፍ በ117 ከተሞች ሲካሄድ በነበረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ታቅፈው ነበር፤ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከተማው የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣና ሥራዎቹ በነዋሪ ውይይት እንዲመረጡ ይጠይቃል።

በጉባኤው ላይ ጠቅላላው የበጀት ቁጥር ሲነገር ከአምናው ምን ያህል እንደጨመረ ብቻ ማየት አይበቃም። ጭማሪው ከማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ይመጣል ተብሎ የታቀደ ከሆነና አምና የተሰበሰበው ከዕቅዱ በብዙ ያነሰ ከሆነ፣ በወረቀት የተያዘው ሥራ በበጋው አጋማሽ «በበጀት እጥረት» ይቆማል።

ውሳኔ የሚተላለፈው እንዴት ነው?

አባላት ሐሳብ ለመስጠት እጃቸውን አውጥተው ዕድል ይጠይቃሉ፤ ንግግራቸውም ለአፈ ጉባኤው ነው፤ ከመድረክ ያለውን ኃላፊ በቀጥታ መሟገት አይፈቀድም። ከንቲባውና የሴክተር ኃላፊዎች ጥያቄዎቹን በጥቅል ተቀብለው ምላሽ ይሰጣሉ። በጥቅል መቀበሉ ለመድረኩ ይመቻል፤ አሥር ጥያቄ ተከታትሎ ሲነሣ ከባዱ ሳይመለስ ቢቀር የሚያስታውሰው ጠያቂው ብቻ ነውና። ከዚያ አፈ ጉባኤው የሚደግፉ፣ የሚቃወሙና ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉ እጅ እንዲያወጡ ይጠይቃል፤ ተቆጥሮም ውጤቱ ይነገራል።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለው ዜና አንዳንዶችን ያስገርማል። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በ2005ቱ የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ መቀመጫዎቹን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ የያዘው ገዥው ፓርቲ ስለነበረ፣ ክርክር ካለም የሚያልቀው ወደ አዳራሹ ከመገባቱ በፊት ነው።

ቋሚ ኮሚቴዎች ምን ይሠራሉ?

የጉባኤው ግማሽ ሥራ የሚሠራው በእነርሱ ነው። በበጀትና ፋይናንስ፣ በሕግና አስተዳደር፣ በማኅበራዊ ጉዳይ፣ በከተማ ልማትና በመሳሰሉት የተከፋፈሉ ሆነው የየዘርፉን መሥሪያ ቤት ዕቅድ ይመረምራሉ፣ በሥራ ቦታ ተገኝተው ይጎበኛሉ፣ ለጉባኤውም የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባሉ። ኮሚቴው ተንቀሳቅሶ ባየው ጉዳይ ላይ የሚያቀርበው አስተያየት አዳራሹ ውስጥ ከሚነሣ ድንገተኛ ጥያቄ ይልቅ ክብደት አለው። ነዋሪው የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጉባኤው ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሊያነጋግር ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ምክር ቤቱ ቦታ እንዲሰጠኝ ወይም ካርታዬን እንዲያስጨርስልኝ ማመልከት እችላለሁ?

አይቻልም፤ ምክር ቤቱ የግለሰብ ቦታ አይሰጥም። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ በወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታ የሚተላለፈው በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ምደባውም በሕጉ ለተዘረዘሩ አገልግሎቶች በአስፈጻሚው በኩል የሚወሰን ነው። በካርታና በግንባታ ፈቃድ ላይ የዘገየ አገልግሎት ቅሬታ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊና ለቅሬታ ሰሚው ይቀርባል። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚወሰድበት ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለው፤ እነዚህ የጊዜ ገደብ ያላቸው መንገዶች ስለሆኑ የምክር ቤቱን ጉባኤ ሲጠብቁ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። ለምክር ቤቱ የሚቀርበው የአሠራር ችግር ነው፤ «የእኔ ካርታ ዘገየ» ሳይሆን «በዚህ ቀበሌ ይህን ያህል ቤት ካርታ አላገኘም፤ ምክንያቱ ይመርመር» የሚል።

መብራትና ውሃስ? ዋናው አስፋልትስ?

መብራት የሚያቀርበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የፌደራል ተቋም ነው፤ ከተማውን አቋርጦ ወደ መቀሌ የሚሄደው ዋና መንገድም በፌደራል የመንገድ ተቋም ሥር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይታያል፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ደረቅ ወደቡና አውሮፕላን ማረፊያው በከተማዋ ቢገኙም የሚተዳደሩት በፌደራል ድርጅቶች ነው። ስለእነዚህ ምክር ቤቱ ጥያቄ ማንሣትና ደብዳቤ ማጻፍ እንጂ ትእዛዝ መስጠት አይችልም። የከተማው የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ግን በከተማ ደረጃ በቦርድ የሚመራ በመሆኑ፣ የፈረቃው ፕሮግራምም ሆነ የሚቆራረጥባቸው ሰፈሮች ጉዳይ በጉባኤው በሚገባ ሊጠየቅ ይችላል።

የከተማው ፕላን ሲለወጥ ምክር ቤቱ ምን ድርሻ አለው?

ትልቅ ድርሻ አለው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሰነድ ሲሆን፣ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት። ደሴን በመሰለ ዳገትና ገደል በበዛበት ከተማ መንገዱ በየት ያልፋል፣ የትኛው ተዳፋት ሳይገነባበት ይቀራል የሚለው ጉዳይ የብዙ ቤቶችን ዕጣ ይወስናል። የፕላኑ ካርታ ለሕዝብ ሲቀርብ ቤቱ በየትኛው ቀለም ውስጥ እንደወደቀ ሳያይ የቀረ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ የግንባታ ፈቃድ ሲከለከል ምክንያቱ የሚነገረው ከዚያው ካርታ ላይ ነው።

ነዋሪ ጉባኤውን ገብቶ መከታተል ይችላል? መናገርስ?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል፤ የምክር ቤት ጉባኤም በመርሕ ደረጃ ክፍት ነው። በተግባር ግን ወንበር ውሱን ስለሆነና በር ላይ ፍተሻ ስለሚኖር በተጋባዥነት ከሚጠሩት የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የማኅበራት ተወካዮች ውጭ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማሳወቁ ይበጀዋል፤ መታወቂያውንም መያዝ አይርሳ። መናገርና ድምፅ መስጠት የአባላት ነው፤ ተጋባዦች አፈ ጉባኤው ሲፈቅድላቸው ብቻ ሐሳብ ይሰጣሉ።

ማመልከቻ ለምክር ቤቱ ማስገባት የሚቻለው እንዴት ነው?

ማመልከቻው «ለደሴ ከተማ አስተዳደር ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት፣ ደሴ» ተብሎ ይጻፋል፤ «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ የተፈለገው ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገለጻል። ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቀድሞ ለየትኛው መሥሪያ ቤት በምን ቀን ተጠይቆ ምን መልስ እንደተሰጠ ግን መቅረት የለበትም፤ ደብዳቤዎቹም በአባሪነት ይያያዙ። የብዙ ሰው ጉዳይ ከሆነ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ የያዘ ዝርዝር ይታከላል። ሁለት ቅጂ ይዞ መዝገብ ቤት መቅረብና በቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ የግድ ነው። በቃል «ሰጥቻለሁ» ማለት በኋላ አያስኬድም፤ መዝገብ ቤቱ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው።

በሚገባ ቀርቦ መልስ ያጣ አስተዳደራዊ በደል ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊቀርብ ይችላል፤ ተቋሙም አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ማኅተም ያለበት ቅጂ ነው።

ቃለ ጉባኤውን ወይም የጸደቀውን በጀት ግልባጭ ማግኘት መብት ነው?

አዎ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ በሕጉ ከተከለከሉት ውስጥ ካልሆነ በቀር ጠያቂው ምክንያቱን እንዲያስረዳ አይገደድም። መልስም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። ጥያቄው በጽሑፍ፣ የሚፈለገው ሰነድ በስምና በዓመተ ምሕረት ተለይቶ ቢቀርብ ይሻላል፤ «የምክር ቤቱን ሰነዶች» ብሎ በጅምላ የሚጠይቅ ሰው በጅምላ ይመለሳል።

አባላቱ የሥራ ዘመናቸው ስንት ነው? ያላገለገለንን ተመራጭ ማንሣት እንችላለን?

የአካባቢ ምክር ቤቶች የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው። የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ ተራዝሟል። በዚህ መካከል የሞቱ፣ የለቀቁና ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩ አባላት ስለሚኖሩ ነዋሪው በመጀመሪያ የራሱ ተመራጭ ዛሬ በቦታው ስለመኖሩ ከምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ አለበት። ብዙ ሰው የተመራጩን ስም አያውቅም፤ ከአባላቱም አብዛኞቹ መደበኛ ሥራቸውን እየሠሩ ጉባኤ ሲጠራ የሚሰበሰቡ እንጂ ቢሮ ተቀምጠው ባለጉዳይ የሚያስተናግዱ አይደሉም።

ማንሣቱን በተመለከተ በዚያው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ተደንግጓል። የሚፈጸመው ዝርዝር ሕጉ በሚያዝዘው መንገድ በመራጮች ፊርማ ነው። ከዚያ በፊት ግን ተመራጩን በቀበሌው አዳራሽ ጠርቶ ያለፈው ጉባኤ ምን እንደወሰነና እርሱ ምን እንደጠየቀ እንዲያስረዳ ማድረግ ይቻላል፤ ጥሪው በቀበሌው አስተዳደር በኩል በደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ለዚህም ከየካቲቱ ጉባኤ ቀጥሎ ያሉት ሳምንታት የተሻሉ ናቸው፤ የሚቀጥለው በጀት ገና አልተዘጋምና።